የድመት የኩላሊት በሽታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የእንስሳት ሐኪም «የድመታችሁ ኩላሊት ደክሟል» ብሎ ላስደነገጣቸው ሰዎች ነው። ዕድሜዋ የገፋ ድመት ኖሯቸው ገና ምንም ላልገጠማቸውም ይጠቅማል። በሽታው አይድንም። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ብዙ ድመቶች በልተው፣ ተጫውተው፣ ፀሐይ ሞቀው ዓመታት ይኖራሉ። ያንን ጊዜ የሚያራዝመው በአብዛኛው ቤት ውስጥ የሚደረገው ነው።

ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ሲባል ምን ማለት ነው?

ኩላሊት ቆሻሻን ከደም ማጣራት ብቻ አይደለም ሥራው። ውሃ ይቆጥባል፣ ፖታሲየምንና ፎስፈረስን ይመጥናል፣ የደም ግፊትን ይቆጣጠራል። ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞንም ያመነጫል። ጉዳቱ ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ይባላል። የተጎዳው የኩላሊት ክፍል ጠባሳ ስለሚሆን ተመልሶ አይሠራም።

በአረጁ ድመቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ከ10 ዓመት በላይ ከሆናቸው ከሦስቱ አንዷን ያህል ይይዛል። ብዙ ጊዜ መነሻው አይታወቅም። አንዳንዴ ግን የኩላሊት ጠጠር፣ የቆየ ኢንፌክሽን ወይም ከዓመታት በፊት የደረሰ መመረዝ ከኋላው ይገኛል። ከፋርስ ዝርያ ድመቶች ደግሞ ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበቅል የዘር በሽታ አለባቸው። እሱ በዘረመል ምርመራ ይታወቃል።

በምን ላውቅ እችላለሁ?

የመጀመሪያው ምልክት ውሃ ማብዛት ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ውሃ ቆጣቢ ናት፤ የዘር ግንዷ የበረሃ ነው። ሽንቷን በጣም አወፍራ ስለምታወጣ ብዙ መጠጣት አያስፈልጋትም። ኩላሊቷ ሲደክም ሽንቷን ማወፈር ያቅታታል። ብዙ ቀጭን ሽንት ትሸናለች፣ የወጣውን ለመተካት ትጠጣለች። አሸዋ ላይ የምትሸና ከሆነ የሚረጥበው ጓል ትልቅ ሲሆን ታያላችሁ። ውጭ የምትሸና ድመት ግን ይህን አታሳይም። ለእሷ ሁነኛው መለኪያ ክብደቷ ነው።

ክብደት መቀነስ ምርመራው ከመደረጉ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቀደም ብሎ ይጀምራል። ፀጉር ስለሚሸፍነው በዓይን አይለይም። ስለዚህ 7 ዓመት ያለፋትን ድመት በየወሩ መመዘን ልማድ አድርጉት። የሕፃን ሚዛን ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ አቅፋችኋት ተመዘኑ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዘኑና ቀንሱ። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 400 ግራም ከቀነሰች ከሰውነቷ 10 በመቶውን አጥታለች ማለት ነው። 70 ኪሎ ሰው 7 ኪሎ እንደማጣት ነው። ቀላል ነገር አይደለም።

በኋላ የሚመጡት ምልክቶች ምግብ መምረጥ፣ ማስታወክ፣ የአፍ ጠረን መለወጥ፣ የፀጉር መንጨባረር፣ የሆድ ድርቀትና ብዙ መተኛት ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ብዙ ሰው «አርጅታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እርጅና በራሱ ድመትን አያከሳትም፣ አያስመልሳትምም። እባካችሁ አሳዩዋት።

ውሃ የምታበዛ ድመት ሁሉ የኩላሊት በሽተኛ ናት?

አይደለችም። ስኳር በሽታም፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድም ውሃ ያስጠማሉ። ታይሮይዱ ደግሞ የኩላሊቱን ድካም ሊደብቅ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ሁሉንም አብሮ የሚመረምረው።

አንድ ነገር ለዩልኝ። በተለይ ወንድ ድመት ደጋግሞ ለመሽናት እየተቀመጠ ምንም ካልወጣው ሽንት ቧንቧው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ይህ ሌላ በሽታ ነው፣ ነገ አይባልም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ሐኪሙ «ደረጃ 2»፣ «ደረጃ 3» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ደረጃው የተዘጋጀው አይሪስ በሚባል ዓለም አቀፍ የእንስሳት ኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር ነው። ዋናው መለኪያ በደም ውስጥ ያለው ክሪያቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ፣ ነው። በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲለካ፣ ከ1.6 በታች ሆኖ ሌላ የኩላሊት ችግር ምልክት ካለ ደረጃ 1 ይባላል። ከ1.6 እስከ 2.8 ደረጃ 2፣ ከ2.9 እስከ 5.0 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው። አውሮፓ ያላችሁ ውጤቱ በማይክሮሞል ስለሚሰጣችሁ ድንበሮቹን 140፣ 250 እና 440 ብላችሁ ያዙ።

ኤስዲኤምኤ የሚባል ሌላ የደም ምርመራም አለ። ክሪያቲኒን በግልጽ ከፍ የሚለው አብዛኛው የኩላሊት አቅም ካለቀ በኋላ ነው፤ ኤስዲኤምኤ ቀደም ብሎ ያሳያል። ሌላም ጥቅም አለው። ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ፣ የከሳች ድመት ውጤት ከእውነታው የተሻለ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ኤስዲኤምኤ በጡንቻ ብዙ አይነካም። ምርመራው በሁሉም ቦታ አይገኝም። ካልተገኘ በክሪያቲኒን፣ በሽንት ምርመራና በክብደት ብዙ መረዳት ይቻላል። ሽንቷ በደንብ ያልወፈረ መሆኑ፣ ማለትም የውፍረቱ መለኪያ (ስፔሲፊክ ግራቪቲ) ከ1.035 በታች መሆኑ፣ ከደሙ ጋር ተደምሮ ሲታይ ትልቅ መረጃ ነው።

በአንድ ውጤት አትደናገጡ። ውሃ ያነሳት ድመት ቁጥሯ ከልኩ በላይ ይወጣል። ደረጃ የሚሰጠው ከተረጋጋች በኋላ ነው። ከዚያም የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊት ተጨምረው ይታያሉ።

ምን ላብላት?

በዚህ በሽታ ከማንኛውም መድኃኒት ይልቅ ዕድሜ እንደሚያረዝም በደንብ የታየው ምግብ ነው። ለኩላሊት ተብሎ የሚሠራው ምግብ ፎስፈረሱ ዝቅ ያለ፣ ፕሮቲኑ ልከኛና ጥሩ ጥራት ያለው፣ ጨዉ የቀነሰ፣ ፖታሲየምና ኦሜጋ 3 የተጨመረበት ነው። ሂልስ፣ ሮያል ካኒንና ፑሪና ይሠሩታል። ብዙ ጊዜ ከደረጃ 2 ጀምሮ ይታዘዛል።

ቁልፉ ፎስፈረስ ነው። የደከመ ኩላሊት ማስወጣት ስለሚያቅተው ይከማችና ኩላሊቱን መልሶ ይጎዳል። «ፕሮቲን ኩላሊት ይጎዳል» በሚል ሥጋን ጨርሶ መከልከል ግን ስሕተት ነው። ድመት ሥጋ በል ናት። ፕሮቲን ሲያንሳት የራሷን ጡንቻ ትበላለች።

የምግብ ለውጡን በ3 ወይም በ4 ሳምንት ቀስ ብላችሁ አድርጉት። አዲሱን ከአሮጌው ጋር በጥቂቱ ቀላቅሉ፣ ወይም በሌላ ሳህን አጠገቡ አቅርቡላት። እያቅለሸለሻት ወይም ሆስፒታል ተኝታ እያለች አትጀምሩ፤ ምግቡን ከሕመሟ ጋር አያይዛ ለዘላለም ልትጠላው ትችላለች። መድኃኒትም በአዲሱ ምግብ ውስጥ አትደብቁ።

ልዩውን ምግብ ማግኘት ካልቻልኩስ?

ብዙ የአገር ቤት አንባቢ ችግሩ ይሄ ነው። ምግቡ ከተገኘም ውድ ነው። ተስፋ አትቁረጡ፤ ማድረግ የሚቻል አለ።

መጀመሪያ የሚጎዳትን አውጡ። አጥንት፣ ጉበትና የደረቀ ዓሣ ፎስፈረሳቸው ብዙ ነው። ወተትም እንደዚያው ነው፣ ለዚያውም አብዛኛውን ትልቅ ድመት ያስቀምጠዋል። ከልኳንዳ የሚመጣ የሆድ ዕቃና ቅንጥብጣቢ ብቻ የምትበላ ድመት ምግቧ ለደከመ ኩላሊት ይከብዳል። የወጥ ፍርፋሪ ደግሞ በፍጹም አትስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም መርዝነታቸው አይለቅም። የኩላሊት በሽተኛ ድመት ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ ደም ያንሳታል። ቁሌት የገባበት መረቅ እንጀራ ላይ አድርጎ መስጠት ደግነት ይመስላል እንጂ ይጎዳታል።

ከዚያ የሚሻለውን አስገቡ። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፣ መቀቀያ ውሃው ተደፍቶ፣ ጥሩ መነሻ ነው። ሲቀቀል ከፎስፈረሱ የተወሰነው ከውሃው ጋር ይወጣል። የበሰለ የእንቁላል ነጭም ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሥጋና እንቁላል ብቻቸውን ለወራት አይበቁም። ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር የጎደላት ድመት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል፤ ካልሲየምና ቫይታሚንም ያስፈልጋታል። ስለዚህ ይህን እንደ መሸጋገሪያ ያዙት፣ የሚጨመረውንም ከሐኪም ጋር ወስኑ። ተራ የታሸገ የድመት እርጥብ ምግብ ከተገኘ ከደረቁ የተሻለ ነው፤ ቢያንስ ውሃ አለው።

በጾም ወቅትስ? ቤቱ ሲጾም፣ ልኳንዳውም ሲዘጋ፣ ድመቷ ሽሮና እንጀራ ላይ ትወድቃለች። ጤነኛዋ አይጥም ወፍም አድና ልታልፈው ትችል ይሆናል። የታመመችው አትችልም። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት የእሷን ሥጋ በየቀኑ ልክ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡላት።

አዲሱን ምግብ እምቢ አለች፤ ትራብና ትለምደዋለች?

አትለምደውም። ይህን ከሁሉም በላይ አስምሩበት። ድመትን በረሃብ ማስገደድ አደገኛ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ያልነካች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ስቧ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። የማይሆን ምግብ መብላት፣ ትክክለኛውን ምግብ አለመብላትን ይበልጠዋል። መብላቷ ይቅደም፤ ምን እንደምትበላ ቀጥሎ ይታሰባል።

እምቢታ ብዙ ጊዜ ከማቅለሽለሽ ይመጣል። ሳህኑ ጋ ሄዳ አሽታ፣ ምላሷን አላልሳ የምትመለስ ድመት «ቀበጥ» አይደለችም፤ እያቅለሸለሻት ነው። ሐኪሙ እንደ ማሮፒታንት ያለ የማስታወክ መከላከያ ሊያዝ ይችላል። ሚርታዛፒን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ጆሮዋ ላይ የሚቀባም አለው። ካፕሮሞሬሊን የሚባለው ፈሳሽ መድኃኒት በአሜሪካ የኩላሊት በሽታ ላለባቸው ድመቶች የክብደት መቀነስ ተፈቅዷል። ቤት ውስጥ ደግሞ ምግቡን ለብ አድርጉት፣ ሰፊ ዝርግ ሳህን ተጠቀሙ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት አቅርቡ። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልበላች ለሐኪሙ ደውሉ።

ብዙ ስለምትሸና ውሃ ልቀንስባት?

በጭራሽ። የምትጠጣው የወጣውን ለመተካት ነው። ከተከለከለች ቶሎ ትደርቃለች፤ ኩላሊቷም በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ውሃ በቤቱ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ ከምግቧና ከአሸዋዋ ራቅ አድርጋችሁ። ጢሟ የማይነካው ሰፊ ሳህን ይመቻታል። አንዳንዷ የሚንጠባጠብ ውሃ ትወዳለች። እርጥብ ምግቧ ላይም ጥቂት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ የእሷን ድርሻ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ቆዳዋ ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ እኔ ራሴ መስጠት እችላለሁ?

ሐኪሙ ካሳያችሁ ትችላላችሁ፤ ብዙ ሰው ይሠራዋል። ሁሉም ድመት ግን አያስፈልገውም። የሚጠቅመው ጠጥታም ውሃ ለሚያንሳት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ 3 እና 4። የልብ ችግር ላለባት ድመት ደግሞ ትርፍ ፈሳሽ ሳንባዋን ሊያጥለቀልቅ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሪንገር ላክቴት ነው። በሰፈር አነጋገር የተንጠለጠለ ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል፤ ስኳር ያለበትን ግን ቆዳዋ ሥር አታስገቡ። መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል፤ ለአንድ ትልቅ ድመት በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ የተለመደ ነው። ከረጢቱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሙቁት፣ ሙቀቱን የእጃችሁ አንጓ ላይ ሞክሩት። ትከሻዋ መካከል ያለውን ቆዳ ድንኳን አድርጋችሁ ያዙ፣ መርፌውን በየጊዜው ቀይሩ። ሲያልቅ እብጠት ይታያል፤ አንዳንዴ ወደ እግሯ ይወርዳል። በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። የባለፈው ሳይጠፋ ሌላ አትጨምሩ፤ ትንፋሿ ከፈጠነ ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የደም ግፊት ድመትንም ይይዛታል?

ይይዛታል፤ ከኩላሊት ጋር አብሮ መምጣቱም የተለመደ ነው። በላይኛው ቁጥር ከ160 በላይ ተደጋግሞ ከተለካ ይታከማል። 180 ከደረሰ ዓይንን፣ አንጎልንና ልብን ያሰጋል። ድመት በአንድ ሌሊት ዓይነ ስውር ሆና የምትነሳበት ጊዜ አለ፤ ብሌኗ ሰፍቶ ይቀራል፣ ግድግዳ ትገጫለች። በዚያው ቀን ከታከመች አንዳንዴ እይታዋ በከፊል ይመለሳል።

መድኃኒቱ አምሎዲፒን ወይም ቴልሚሳርታን ነው። አምሎዲፒን በየፋርማሲው አለ፤ ሰው የሚወስደው ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ለድመት የሚታዘዘው መነሻ መጠን ብዙ ጊዜ የባለ 5 ሚሊ ግራሙ ክኒን አንድ ስምንተኛ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከእናታችሁ ክኒን ቆርሳችሁ አትስጡ።

ሌሎች መድኃኒቶችስ?

ምግብ ቀይራም ፎስፈረሷ ካልወረደ የፎስፈረስ ማሰሪያ ይታዘዛል። ከምግብ ጋር ካልተሰጠ ዋጋ የለውም፤ የሚያስረው ሆዷ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ነው። ፖታሲየሟ በጣም የወረደ ድመት አንገቷ ይዝላል፣ አገጯ ወደ ደረቷ ይወድቃል፤ ሲተካላት ትመለሳለች። ለደም ማነስም ሕክምና አለ፤ ውድና ብዙ ክትትል የሚጠይቅ ነው። ለሆድ ድርቀት ውሃ መጨመሩ ካልበቃ ሐኪሙ ማለስለሻ ይሰጣል።

ሲያማት ፓራሲታሞል ወይም ዲክሎፌናክ ብሰጣትስ?

ይገድላታል። ፓራሲታሞልን ድመት አካሏ መፍታት አይችልም፤ አንድ ክኒን ይበቃል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊቷን በቀጥታ ይመታሉ፤ የሚቀባውም ቢሆን ከቆዳችሁ ላይ ስትልሰው አደጋ አለው። ነጭ ሽንኩርትን እንደ ባህል መድኃኒት መስጠትም ከላይ ባልነው ምክንያት ክልክል ነው። ሊሊ የሚባለውን አበባ ደግሞ ቤት አታስገቡ። የሠርግና የልደት እቅፍ ውስጥ ይኖራል። ቅጠሉ፣ ብናኙ፣ የተቀመጠበት ውሃ ሳይቀር የጤነኛ ድመትን ኩላሊት በቀናት ውስጥ ያጠፋል።

ወደ ልጆች ወይም ወደ ሌላ ድመት ይተላለፋል?

አይተላለፍም።

ስንት ጊዜ ትኖራለች?

በደረጃ 2 የተገኘች ድመት በአማካይ 3 ዓመት ገደማ፣ ደረጃ 3 ላይ የተገኘች 2 ዓመት ገደማ ትኖራለች። ደረጃ 4 ላይ ጊዜው በወራት ይቆጠራል። እነዚህ አማካዮች ናቸው፤ ብዙዎች አልፈዋቸው ይሄዳሉ። ብዙ ድመት የሚሞተው በሌላ ምክንያት እንጂ በኩላሊቱ አይደለም።

የሚያድን አዲስ መድኃኒት ተገኘ ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?

ጃፓን ውስጥ ፕሮፌሰር ቶሩ ሚያዛኪ ኤአይኤም በሚባል ፕሮቲን ላይ ሲሠሩ ቆይተዋል። የድመት ኤአይኤም ኩላሊትን ለማጽዳት እንደ ሌሎች እንስሳት አይሠራም የሚለው ግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ተስፋ የሚሰጥ ምርምር ነው፤ እኔም በጉጉት እከታተለዋለሁ። ነገር ግን በኦንላይን «ኩላሊት ያድናል» ተብሎ ለሚሸጥ ዱቄትና ጠብታ ገንዘባችሁን አታውጡ። በዚያ ብር የደም ምርመራ አሠሩላት። ኩላሊት መቀየር በአሜሪካ በጥቂት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ይሠራል፤ ለአብዛኛው ሰው የሚደረስበት አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ስለ ኢንሹራንስም ልብ በሉ፦ ከታመመች በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ይህን በሽታ አይሸፍንም። የሚገዛው ጤነኛ ሳለች ነው።

በቃ የሚባለው መቼ ነው?

ቁጥር አይወስነውም። ክሪያቲኒኗ 6 ሆኖ እየበላች ደጃፍ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ድመት አለች። የምታዩት ቀኗን ነው፦ ትበላለች? ራሷን ትልሳለች? ስትጠሯት ትመጣለች? አሸዋዋ ድረስ መሄድ ትችላለች? ክፉው ቀን ከደጉ ከበለጠና ሕክምናውም ካልመለሳት፣ ያለ ሥቃይ በመርፌ ማሳረፍን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነውር አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ይህን ከእምነቱ ጋር እያያዘ ይጨነቃል። ውሳኔው የእናንተ ነው። ያንን መንገድ የማትመርጡ ከሆነ ግን ማስታወኩን፣ ጥማቷንና ሕመሟን የሚያስታግስ ሕክምና ይቀጥል። ምንም ሳይደረግላት ጥግ ላይ ተኝታ መቆየት የለባትም።

ክትትሉ በየስንት ጊዜ ነው?

የተረጋጋች ድመት በየ3 እስከ 6 ወሩ ትታያለች። ደረጃ 4 ላይ ያለች ወይም መድኃኒቷ የተቀየረ ቶሎ ቶሎ። ስትሄዱ የክብደቷን መዝገብና የመድኃኒቶቿን ዝርዝር ያዙ። መጀመሪያ ግፊቷ ይለካ፣ ደሙ በኋላ ይወሰድ፤ መርፌ ያስደነገጣት ድመት ግፊቷ ይዋሻል።

ሌሎች ድመቶች አሉኝ፤ የእሷን ምግብ ቢበሉባትስ?

ጤነኛ ትልቅ ድመት አልፎ አልፎ ብትቀምሰው አይጎዳትም። ግልገሎች፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ ድመቶች ግን ዋና ምግባቸው ሊያደርጉት አይገባም፤ ለእነሱ ፎስፈረሱም ፕሮቲኑም ያንሳል። ቀላሉ መንገድ በሰዓት ማብላት ነው። በሯን ዘግታችሁ 20 ደቂቃ ስጧት፣ ከዚያ ሳህኑን አንሱ። የሌሎቹንም እንዲሁ፤ እሷ የእነሱን እንዳትነካ።